ቆሻሻን ወደ ጥሬ ዕቃ የሚመልስ ማዕከል እንዴት ይነደፋል?

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ጥናት እንደሚያሳየው በ2016 ብቻ በዓለም ዙሪያ 2.01 ቢሊዮን ቶን የቤትና የከተማ ደረቅ ቆሻሻ ተጥሏል፤ አካሄዱ ካልተለወጠ መጠኑ በ2050 ወደ 3.4 ቢሊዮን ቶን እንደሚደርስም ተገምቷል። ከዚህ ውስጥ ተመልሶ ጥሬ ዕቃ የሚሆነው ጥቂቱ ነው። ፕላስቲክን ብቻ ብንወስድ፣ እስከ 2015 ድረስ ቆሻሻ ከሆነው ሁሉ ሪሳይክል የተደረገው 9 በመቶ ያህሉ እንደሆነ በ2017 የታተመ ሰፊ ጥናት አመልክቷል። ለዚህ ውጤት ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው የሰው ቸልተኝነት ወይም የማሽን እጥረት ነው። ሁለቱም ድርሻ አላቸው፤ ይሁን እንጂ ከሁለቱ ያላነሰ ክብደት ያለውና እምብዛም የማይነሳ ሌላ ምክንያት አለ፤ እሱም የማዕከሉ ንድፍ ነው። የትኛው ሥራ እንደሚቀድም፣ ምን ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና እንደሚያልፍ፣ የማይረባው ነገር በየት እንደሚወጣ የሚወሰነው ሕንፃው ከመቆሙ በፊት ነው። ነዳፊዎች ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሲፈልጉ ወደ ሁለት አቅጣጫ ይመለከታሉ፦ ሞቶ የወደቀውን ሁሉ መልሳ ወደምትጠቀም ተፈጥሮ፣ እንዲሁም ከድንጋይ ውስጥ ብረት አንጥሮ ማውጣትን ለረጅም ዘመን ሲለማመድ ወደኖረው ኢንዱስትሪ።

የሪሳይክሊንግ ማዕከል ሥራው በትክክል ምንድን ነው?

በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። የመጀመሪያው መለየት ነው፦ ተደባልቆ የመጣውን ቆሻሻ ወረቀቱን ከወረቀት፣ ብረቱን ከብረት፣ ፕላስቲኩን በየዓይነቱ አድርጎ ማሰናዳት። ሁለተኛው መልሶ ማምረት ነው፦ የተለየውን ፈጭቶ፣ አጥቦ፣ አቅልጦ ወይም አብስብሶ አዲስ ጥሬ ዕቃ ማድረግ። ሁለቱ በአንድ ግቢ ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን በተለያየ ቦታ ይሠራሉ።

የመለየት ሥራ የሚመዘነው በሁለት ቁጥሮች ነው። አንደኛው ንጽህና ነው፤ ለምሳሌ የአሉሚኒየም ተብሎ ከታሰረው እሽግ ውስጥ በእርግጥ አሉሚኒየም የሆነው ስንት በመቶ ነው? ሁለተኛው የተያዘው ድርሻ ነው፤ ወደ ማዕከሉ ከገባው አሉሚኒየም ውስጥ እሽጉ ውስጥ የገባው ስንት ነው፣ ከውዳቂው ጋር ያመለጠውስ? እነዚህ ሁለቱ እርስ በርስ ይጎተታሉ። ማሽኑን የተጠራጠረውን ሁሉ እንዲጥል ብናደርገው ንጽህናው ከፍ ይላል፣ የሚያመልጠውም ይበዛል። ምንም እንዳያመልጠው ብናደርግ ደግሞ ባዕድ ነገር አብሮ ይገባል። ንድፍ ማለት በአብዛኛው በእነዚህ ሁለት ፍላጎቶች መካከል የሚደረግ ድርድር ነው።

መለየት ለምን ይከብዳል?

ጨውን ውሃ ውስጥ ማሟሟት የአንድ አፍታ ሥራ ነው፤ መልሶ ለማውጣት ግን ውሃውን በሙሉ አፍልቶ ማትነን ይጠይቃል። ቆሻሻም እንደዚሁ ነው። መደባለቅ ያለምንም ወጪ ይከናወናል፣ መለየት ግን ጉልበትና ገንዘብ ያስከፍላል፤ የሚፈለገው ነገር በድብልቁ ውስጥ ባነሰ ቁጥር አንዱን ኪሎ ለማውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት እየጨመረ ይሄዳል። ወርቅ ከብረት የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ አንዲት ግራም ወርቅ ለማግኘት እጅግ ብዙ ድንጋይ መፈጨት አለበት።

የንጽህና ጉዳይ በገበያው ላይ ያለው ጉልበት በግልጽ የታየው ቻይና እ.ኤ.አ. በ2018 ከውጭ በምታስገባው ያገለገለ ወረቀትና ሌላ ዕቃ ላይ ባዕድ ነገር ከ0.5 በመቶ እንዳይበልጥ በደነገገች ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ እሽጎቻቸውን ወደ ቻይና ሲልኩ የነበሩ ብዙ ማዕከላት ይህን መስፈርት ማሟላት አልቻሉም። ማሽኖቻቸው አልተበላሹም ነበር፤ የተነደፉት ግን ብዛትን እንጂ ንጽህናን አስበው ስለነበር ከእጃቸው የሚወጣው እሽግ ገዢ አጣ።

ተፈጥሮ ይህን ሥራ እንዴት ትሠራዋለች?

በጣም ግልጽ የሆነው ምሳሌ የሚያመሰኩ እንስሳት ሆድ ነው። ላም፣ በግና ፍየል የሚበሉት ሣር ለአብዛኛው እንስሳ ሆድ የማይበገር ጠንካራ ነገር ነው። ላም ይህን የምትወጣው በአንድ ኃይለኛ ማሽን ሳይሆን በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ በጥድፊያ ገመጥ አድርጋ ትውጠዋለች። በአንድ ያደገች ላም ከ100 ሊትር በላይ የሚይዘው የመጀመሪያው የሆድ ክፍል ውስጥ፣ አየር በሌለበት፣ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ደቂቅ ተህዋስያን ሣሩን ያብላላሉ። በዚያ ውስጥ ነገሩ በራሱ ጊዜ በንብርብር ይለያል፦ ጋዙ ከላይ፣ ያልተፈጨው ረጅም ጭረት ከሥሩ ተንሳፎ፣ የደቀቀውና የከበደው ከታች። የተንሳፈፈው ጭረት ተመልሶ ወደ አፍ ይመጣና እንደገና ይታኘካል፤ ማመስኳት የምንለው ይህ ነው። ወደ ቀጣዩ ክፍል ለማለፍ የሚፈቀድለት በአብዛኛው እስከ ጥቂት ሚሊሜትር የደቀቀው ብቻ ነው።

ከዚህ ክፍል ጋር ተያይዞ የንብ ቀፎ የመሰለ ግድግዳ ያለው ትንሽ ከረጢት አለ። ከሣር ጋር ተውጦ የመጣ ሚስማር ወይም የሽቦ ቁራጭ ስለሚከብድ እዚያ ይቀራል። አንዳንድ አርቢዎች ሹል ብረት የሆዱን ግድግዳ ወግቶ ወደ ልብ እንዳያልፍ ላሟን ጣት የሚያህል ማግኔት ያስውጧታል፤ ማግኔቱ በዚያው ከረጢት ተቀምጦ የሚመጣውን ብረት ሁሉ ለዓመታት ሰብስቦ ይይዛል። ቀጥሎ ያለው ሽንፍላ በብዙ ቅጠል መሰል እጥፋቶቹ ውሃውን ይመጥጣል። አሲድና ኢንዛይም የሚያመነጨው ክፍል የሚገኘው መጨረሻ ላይ ነው። ለሰውነት ብዙ ዋጋ የሚያስከፍለው ሥራ የሚሠራው በርካሽ መንገድ ተለይቶ፣ ደቅቆና ውሃው ቀንሶ በደረሰው ነገር ላይ ብቻ ነው ማለት ነው። ለአንድ ማዕከል ነዳፊ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ያለ አይመስለኝም፦ አደገኛው በጊዜ ይያዝ፣ ያልበቃው ይመለስ፣ ውዱ ሥራ መጨረሻ ይምጣ።

ሌላው ምሳሌ ከዛፍ ይመጣል። ቅጠሉን በየወቅቱ የሚያረግፍ ዛፍ ቅጠሉን እንዳለ አይጥለውም። ከመርገፉ በፊት በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ወደ ግንዱ መልሶ ይስባል። ናይትሮጂኑ አንዴ መሬት ላይ ወድቆ ከአፈሩ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ለመሰብሰብ ከመሞከር፣ ገና በቦታው ሳለ መውሰድ እጅግ ይረክሳል። ቆሻሻን ከምንጩ፣ ማለትም በሚጣልበት ቦታ፣ ለይቶ ማስቀመጥ የሚደገፈው በዚሁ ምክንያት ነው። ከማዕከሉ በር ውጪ የተደረገ መለየት በበሩ ውስጥ ብዙ ማሽን ያስቀራል።

እንግዲያው ተፈጥሮን እንዳለ መቅዳት ይበቃል?

አይበቃም፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነጥብ ነው። ሕይወት ያለው ነገር በአብዛኛው የተሠራው ከጥቂት ንጥረ ነገሮች ማለትም ከካርቦን፣ ከሃይድሮጂን፣ ከኦክስጂን፣ ከናይትሮጂንና ከጥቂት ሌሎች ስለሆነ አንዱ ፍጡር የሌላውን ትራፊ ሊበላ ይችላል። የሰው ልጅ የሚጥለው ግን የብረት ቅይጥ፣ ቀለም፣ ማጣበቂያ፣ በደርዘን የሚቆጠር የፕላስቲክ ዓይነት ያለበት ነው። በዚያ ላይ ተፈጥሮ ጉልበቱን ከፀሐይ በነጻ ታገኛለች፤ አትቸኩልምም። ሁልጊዜም ጨርሳ አትሠራም፦ ፒት የሚባለው የረግረግ አፈርና የድንጋይ ከሰል ኦክስጂን በሌለበት ረግረግ ውስጥ ሳይበሰብስ የቀረ የዕፅዋት ክምችት ናቸው።

የማድቀቅንም ትምህርት እንዳለ መውሰድ ያሳስታል። ሣር ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ በቶሎ ቢደቅ ጉዳት የለውም። ከቤት የሚወጣ ቆሻሻ ግን ምንነቱ የሚታወቀው በሙሉ ቅርጹ ነው፤ ጠርሙስ ጠርሙስ መሆኑ፣ ጣሳም ጣሳ መሆኑ የሚለየው ሳይሰበር ነው። ሁሉም መጀመሪያ ላይ ቢፈጭ የጠርሙስ ስብርባሪ ወረቀቱ ውስጥ ይሰካል፣ የተለያዩ ፕላስቲኮችም አንድ ዓይነት ብጥስጣሽ ይሆናሉ። ስለዚህ በመለያ ማዕከል ውስጥ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ በመጀመሪያ ሙሉ ዕቃውን መለየት፣ መፍጨት ከዚያ በኋላ።

ከኢንዱስትሪ የሚወሰደው ምንድን ነው?

ለመለያ ማዕከል ቅርብ ዘመዱ የማዕድን ማጣሪያ ነው። የማዕድን ባለሙያዎች ድንጋይን በመጠን፣ በክብደት፣ በማግኔት መሳብና በገጹ ባሕርይ የሚለዩባቸው መንገዶች ሁሉ ዛሬ በሪሳይክሊንግ ውስጥ አሉ። ከእነዚህ አንዱ በአውስትራሊያዋ ብሮክን ሂል ማዕድን ማውጫዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተስፋፋው የአረፋ ዘዴ ነው። የተፈጨው ድንጋይ ከውሃ ጋር ተበጥብጦ አየር ሲነፋበት የሚፈለገው ማዕድን ከአየር አረፋ ጋር ተጣብቆ ወደ ላይ ይወጣል፤ ተራው ድንጋይ ከሥር ይቀራል። ያገለገለ ወረቀት የሚያድሱ ፋብሪካዎች የሕትመት ቀለምን ከወረቀት ጭረት የሚያላቅቁት በዚሁ መንገድ ነው፤ ቀለሙ በአረፋው ላይ ተንሳፎ ይገፈፋል።

ሌላው ልምድ ከመኪና ፋብሪካ ታሪክ ይመዘዛል። ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1913 ሥራ ላይ ላዋለው የመገጣጠሚያ መስመር መነሻ የሆነው ሐሳብ በጥቅሉ የቺካጎ ሥጋ አራጆች ሥጋውን ከሚያንቀሳቅሱበት የተንጠለጠለ መስመር እንደመጣ ጽፏል። በዚያ መስመር ላይ ሥጋው እየተጓዘ እያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ክፍል ብቻ ይቆርጥለት ነበር። ያረጁ ፍሪጆችንና ኮምፒውተሮችን የሚፈቱ ማዕከላት ያንኑ መስመር ወደ መነሻው መልሰውታል፤ ዕቃው ይጓዛል፣ በየጣቢያው አንድ ነገር ይፈታል፣ አደገኛው ጋዝ ወይም ባትሪ ከሁሉ በፊት ይወጣል።

ቆሻሻው ከገባ በኋላ በምን በምን ያልፋል?

መጀመሪያ ጆንያው ይቀደዳል፤ ማሽን የሚያንቁና የሚጎዱ ነገሮች በእጅ ይለቀማሉ። ረጅም ገመድና ላስቲክ በሚሽከረከሩ ዘንጎች ላይ ስለሚጠመጠሙ መስመሩን በሙሉ ሊያስቆሙ ይችላሉ። ቀጥሎ ቆሻሻው እንደ ትልቅ በርሜል በሚሽከረከር ወንፊት ውስጥ አልፎ በመጠን ይለያል። ጠፍጣፋው ካርቶንና ወረቀት በአንድ አቅጣጫ፣ ድብልብሉ ጠርሙስና ጣሳ በሌላ ይሄዳል። ብረት በማግኔት ይነሳል። አሉሚኒየምን ማግኔት አይስበውም፤ ሆኖም በፍጥነት ከሚሽከረከር የማግኔት ከበሮ አጠገብ ሲያልፍ በውስጡ የኤሌክትሪክ ጅረት ስለሚፈጠር ከበሮው ይገፋውና ከቀበቶው ጫፍ ዘሎ ራቅ ብሎ ይወድቃል።

ፕላስቲክን በዓይነት የሚለየው የብርሃን መለያ ቀረብ ብለን ልናየው ይገባል። ቀበቶው በሰከንድ ሦስት ሜትር ያህል ይከንፋል። ከላይ ኢንፍራሬድ የሚባለው ለዓይን የማይታይ ብርሃን ይወርድበታል፤ እያንዳንዱ የፕላስቲክ ዓይነት ብርሃኑን በራሱ መልክ መልሶ ያንጸባርቃል። ኮምፒውተሩ ያንን አንብቦ ይወስናል፤ ዕቃው የቀበቶው ጫፍ ላይ ሲደርስ ከተደረደሩት ቀጫጭን የአየር ቀዳዳዎች ውስጥ በትክክለኛው ቦታ ላይ ያሉት ብቻ ይተነፍሱና ጠርሙሱን ከግድቡ ወዲያ ያሻግሩታል። በዚህ ፍጥነት ዕቃው በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ሦስት ሚሊሜትር ይጓዛልና ትንሽ መዘግየት የአየሩ ምት ዕቃውን እንዲስት ያደርገዋል። ሁለት ጠርሙሶች ከተደራረቡ ማሽኑ የሚያየው የላይኛውን ነው። ፈሳሽ የቀረበትን ጠርሙስ አየሩ አያነሳውም። በካርቦን የጠቆረ ፕላስቲክ ብርሃኑን ስለሚውጠው ለማሽኑ እንደሌለ ይቆጠራል። ከላይ እስከ ታች በሌላ ፕላስቲክ የተሸፈነ ጠርሙስ ደግሞ በሽፋኑ ስም ይመዘገባል። ስለዚህ የዚህ ውድ ማሽን ውጤት በእጅጉ የሚወሰነው ከሱ በፊት ባሉት ማሽኖች ነው፤ ቆሻሻውን በስስ ንብርብር ዘርግተው ካላቀረቡለት ዓይኑ አይጠቅመውም።

ከተፈጨ በኋላ ተራ ውሃ ብቻውን ብዙ ይሠራል። የጠርሙስ ክዳን የሚሠራባቸው ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊኤቲሊን ከውሃ ስለሚቀሉ ይንሳፈፋሉ፤ የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፒኢቲ እፍግታው ከውሃ 1.38 ጊዜ ያህል ስለሆነ ይሰምጣል። ፒቪሲ የተባለው ሌላ የፕላስቲክ ዓይነት ግን እንደ ፒኢቲ ሁሉ ይሰምጣልና ውሃ አይለያቸውም። ጥቂት ፒቪሲ ቢያመልጥ ፒኢቲው በሚቀልጥበት 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈርስና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያመነጫል፤ ቅላጩ ይበላሻል፣ ማሽኑም ይዝጋል። ስለዚህ ፒቪሲ ከመፈጨቱ በፊት በብርሃን መለያው መያዝ አለበት።

ሕይወት ያላቸው ሠራተኞችስ?

ለምግብ ትራፊና ለዕፅዋት ውዳቂ ሠራተኞቹ ደቂቅ ተህዋስያን ራሳቸው ናቸው፤ ነዳፊው የሚያመቻቸው ኑሯቸውን ነው። ብስባሽ በደንብ እንዲሞቅ ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ለአንድ እጅ ናይትሮጂን፣ በቂ አየርና እርጥበት ይፈልጋል፤ በሽታ አምጪ ተህዋስያን እንዲሞቱ ሙቀቱ 55 ዲግሪ ደርሶ ለቀናት መቆየት አለበት። አየር በሌለበት የባዮጋዝ ታንክ ውስጥ ደግሞ ሥራው በቅብብል ይሄዳል፤ አንዱ ቡድን የምግቡን ትራፊ ወደ አሲድ ይለውጣል፣ ሌላው አሲዱን ወደ ሚቴን። አሲድ የሚሠሩት ፈጣኖች፣ ሚቴን የሚሠሩት ቀርፋፎች ናቸው። ታንኩ ከመጠን በላይ ከተመገበ አሲዱ ይከማችና ቀርፋፎቹን ይገድላል፤ ምርቱም ይቆማል። የታንኩ ልክ የሚሰፋው እንግዲህ በቀርፋፎቹ አቅም ነው።

ለፕላስቲክም ተስፋ አለ። የጃፓን ተመራማሪዎች ሳካይ በተባለች ከተማ ከጠርሙስ ሪሳይክሊንግ ቦታ አጠገብ ያገኙትንና ፒኢቲን የሚመገብ ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ አድርገዋል። በ2020 ደግሞ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከሌላ ምንጭ ያገኙትን ኢንዛይም አሻሽለው ፒኢቲን በ10 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 90 በመቶ ወደ መሠረታዊ ክፍሎቹ መመለስ ችለዋል። ኢንዛይሙ በዚህ ፍጥነት የሚሠራው ግን ፕላስቲኩ አስቀድሞ ተለይቶ፣ ደቅቆና ውስጣዊ አደረጃጀቱ ላልቶ ሲቀርብለት ነው። እዚህም የላሟ ሥርዓት ይሠራል፤ ኢንዛይሙ የመጨረሻው ክፍል እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ማዕከሉ ብቻውን መቆም አለበት?

በዴንማርክ ካሉንድቦርግ የተባለች ከተማ ውስጥ ፋብሪካዎች የአንዳቸውን ተረፈ ምርት ሌላቸው እየተቀበሉ ለረጅም ዓመታት ሠርተዋል። ግንኙነቱ እ.ኤ.አ. በ1961 የነዳጅ ማጣሪያው የከርሰ ምድር ውሃን ላለመጉዳት ከሐይቅ ውሃ ባስመጣበት ጊዜ ተጀመረ፤ በ1972 ከማጣሪያው የሚወጣ ትርፍ ጋዝ ወደ ጂፕሰም ሰሌዳ ፋብሪካ መሄድ ጀመረ፤ በኋላም የኃይል ማመንጫው እንፋሎቱን ለጎረቤቶቹ፣ ከጭሱ የለየውን ጂፕሰምም ለሰሌዳ ፋብሪካው ሰጠ። ሮበርት ፍሮሽና ኒኮላስ ጋሎፑሎስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1989 ኢንዱስትሪ እንደ ሥነ ምህዳር ሊደራጅ ይገባል ብለው ሲጽፉ የካሉንድቦርግ ሰዎች በተግባር ጀምረውት ነበር። ሁሉም በአንድ ቀን የተነደፈ አልነበረም፤ በየጊዜው ሁለት ጎረቤቶች ለሁለቱም የሚያዋጣ ውል እየተዋዋሉ የተገነባ ነው። ለሪሳይክሊንግ ማዕከልም ቦታ ሲመረጥ ሙቀቱን፣ ውሃውንና ቅሪቱን የሚቀበል ጎረቤት ማን እንደሆነ ከማሽኑ ዋጋ እኩል ሊታሰብ ይገባል። በሌላ በኩል አንዱ ጎረቤት ሥራውን ቢቀይር ሌላው እንዳይቆም መጠባበቂያ ያስፈልጋል።

ንድፉ ደህና መሆኑ በምን ይታወቃል?

በሚዛን ሂሳብ። የገባው ክብደት በሙሉ የሆነ ቦታ መውጣት አለበት፤ በሽያጭ እሽግ፣ በቅሪት ወይም በተነነ ውሃ። 100 ቶን ቆሻሻ ውስጥ 10 ቶን ፒኢቲ ቢኖርና መስመሩ ላይ እያንዳንዳቸው 90 በመቶ የሚይዙ ሁለት ማሽኖች በተከታታይ ቢቆሙ፣ መጨረሻ ላይ የሚገኘው 9 ቶን ሳይሆን 8.1 ቶን ነው። ሦስተኛ ማሽን ለንጽህና ቢጨመር ወደ 7.3 ቶን ይወርዳል። እያንዳንዱ ተጨማሪ ማጣሪያ ንጽህናን በምርት ይገዛል፤ ያመለጠውን መልሶ ወደ መስመሩ መጀመሪያ የሚያመጣ ቀበቶ የሚጨመረውም ለዚህ ነው። ያ ቀበቶ ግን መውጫ ከሌለው የማይለይ ነገር እየዞረ ይከማችና መስመሩን ያንቃል፤ ስለዚህ ከመላሹ ቀበቶ ላይ ጥቂቱ ሁልጊዜ ወደ ቅሪት እንዲወጣ ይደረጋል።

ሂሳቡ በወረቀት ላይ ከተሠራ በኋላ በእውነተኛ ቆሻሻ መፈተን አለበት፤ በዝናብ ወቅትና በደረቁ፣ በበዓል ሰሞንና በአዘቦት ቀን በመጣው። እርጥብ ካርቶን ይከብዳል፣ በወንፊት ላይም ይጣበቃል። በዚህ ፈተና ላይ የሊቲየም ባትሪ መንገድ ለብቻው ይጠናል፤ ባትሪ ሲጨፈለቅ እሳት ስለሚያነሳና በመለያ ማዕከላት ተደጋጋሚ የቃጠሎ መንስኤ ስለሆነ፣ ከማሰሪያ ማሽኑ ከመድረሱ በፊት በየት በየት እንደሚያዝ፣ ካመለጠም የሙቀት መቆጣጠሪያውና የውሃ መርጫው የትኛው የክምር ቦታ ላይ እንደሚቀመጥ በንድፉ ላይ መታየት ይኖርበታል።